ለትምህርት ቤትና ለትንሽ ቢሮ የሶፍትዌር ላይሰንስ በብዛት ስንገዛ የቱን እንምረጥ?

ላብ38

ሰላም ለቤቱ። ከ1ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት የአይሲቲ ሥራ ላይ ነኝ። ማኔጅመንቱ ከሐምሌ በሚጀምረው በጀት ሶፍትዌራችንን ሕጋዊ እንድናደርግ ወስኗል። ፕሮፎርማ ከመሰብሰቤ በፊት ምን ብዬ መጠየቅ እንዳለብኝ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ያነጋገርኳቸው ሦስት አቅራቢዎች ሦስት የተለያየ ነገር ነው የሚሉት። አንዱ «ኦፊስ 2021 ፕሮ ፕላስ፣ የዕድሜ ልክ ቁልፍ» ብሎ የማይታመን ርካሽ ዋጋ ሰጠ። ሁለተኛው በየዓመቱ የሚታደስ ማይክሮሶፍት 365 ካልሆነ አይሆንም ባይ ነው። ሦስተኛው «ቮልዩም ላይሰንስ ውሰዱ» ይላል፤ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ግን አያብራራም።

ያለን ይህ ነው፦ ላብ ውስጥ 38 ያገለገሉ ዴል ኦፕቲፕሌክስ (24ቱ 7040፣ ስድስተኛ ትውልድ ኢንቴል፤ 14ቱ 7060፣ ስምንተኛ ትውልድ)፣ ቢሮ ውስጥ 9 ኮምፒውተር፣ ፋይል ለማስቀመጥ ብቻ ልንገዛው ያሰብነው አንድ ሰርቨር። መምህራን 52 ናቸው፤ አብዛኞቹ በራሳቸው ላፕቶፕ ይሠራሉ። ተማሪው በሁለት ፈረቃ ይገባል። ኢንተርኔት አለ፣ ግን አይታመንም።

ባለቤቱ 7 ኮምፒውተር ያለው የሒሳብ አገልግሎት ቢሮም አለው። «ቁጥሩን አንድ ላይ አድርገን ብንገዛ አይረክስም?» ይላል። ምን ትላላችሁ?

ሰርቨር_ክፍል

ፕሮፎርማው ይቆይ። መጀመሪያ በየማሽኑ ላይ ምን ፈቃድ እንዳለ እወቁ። ልትገዙ ካሰባችሁት ውስጥ ከፊሉ በእጃችሁ ሊሆን ይችላል።

ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚን ክፈቱና ኤስ፣ ኤል፣ ኤም፣ ጂ፣ አር የሚሉትን አምስት የላቲን ፊደላት አያይዛችሁ ጻፉ፤ ክፍተት ትታችሁ ስላሽ ዲኤልአይ። በምትመጣው ትንሽ መስኮት ሁለተኛው መስመር ላይ የቻናሉ ስም ይነበባል።

«ኦኢኤም ዲኤም» ካለ ቁልፉ ባዮስ (ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የማስነሻ ፕሮግራም) ውስጥ ነው። ዴል ከፋብሪካ ሲያወጣው ከማሽኑ ጋር የሸጠው ፈቃድ ነው፤ ማሽኑ እጅ ቢቀያይርም ከማዘርቦርዱ ጋር ይኖራል። ለዚህ ማሽን ዊንዶውስ አትገዙም። «ሪቴይል» (በነጠላ የተገዛ) ካለ ደረሰኙን ፈልጉ። «ቮልዩም ኬኤምኤስ ክላየንት» ካለና እናንተ የኬኤምኤስ ሰርቨር (ለግቢው ማሽኖች አክቲቬሽን የሚሰጥ ማሽን) አቁማችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ያ ማሽን ክራክ ነው። ለማረጋገጥ ስላሽ ዲኤልአይን በስላሽ ዲኤልቪ ተኩት፤ የኬኤምኤስ ማሽን ስም በሚለው መስመር ላይ በ127 የሚጀምር አድራሻ ወይም የማታውቁት የውጭ ዶሜይን ታገኛላችሁ። የሒሳብ ቢሮው 7 ኮምፒውተሮች ላይ ይህ ከወጣማ መከራከሪያም የለው፤ እውነተኛ የኬኤምኤስ ሰርቨር ቢያንስ 25 የዊንዶውስ ማሽን ካልቆጠረ ለአንዱም አክቲቬሽን አይሰጥም።

ሦስተኛው አቅራቢያችሁ ያላብራራው ዋናው ነገር እዚህ ጋ ይመጣል። ቮልዩም ማለት ለድርጅት በድርጅቱ ስም የሚሸጥ ፈቃድ ነው፤ በቮልዩም የሚሸጥ ዊንዶውስ ግን አፕግሬድ ብቻ ነው። ሥር ሕጋዊ ዊንዶውስ የሌለው ማሽን ላይ 38 የቮልዩም ዊንዶውስ ብትገዙ ገንዘቡ ይሄዳል፣ ማሽኖቹ እንደነበሩ ሕገወጥ ናቸው። አቅራቢው ይሸጥላችኋል፣ ቁልፉም ይሠራል፤ ስህተቱ የሚወጣው ማስረጃ አምጡ ሲባል ነው።

ቁልፍ_ጠባቂ

ሰርቨር_ክፍል ያለው ላይ ልጨምር፣ ስለዚያ ርካሽ ቁልፍ።

«ፕሮ ፕላስ የዕድሜ ልክ» እየተባለ በቴሌግራምና በሱቅ የሚዞረው ቁልፍ ብዙ ጊዜ የአንድ ሌላ ድርጅት ኤምኤኬ ነው። ኤምኤኬ ማለት የተወሰነ ቁጥር ያለው አክቲቬሽን የሚሰጥ አንድ ቁልፍ ነው። ሻጩ ያንኑ ቁልፍ ለእናንተም፣ ለሌላውም፣ ለሦስተኛውም ይሰጣል። ዛሬ ይሠራል። ቁጥሩ ሲያልቅ ቀጥሎ ፎርማት ያደረጋችሁት ማሽን መጨረሻው ሲ020 የሆነ የስህተት ኮድ ያወጣል፤ «ኤምኤኬው ገደቡን አልፏል» ማለቱ ነው። ማይክሮሶፍት ቁልፉን ከዘጋው ደግሞ መመለሻ የለውም። እጃችሁ ላይ የሚቀረው ሃያ አምስት ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው፤ በትምህርት ቤታችሁ ስም የተጻፈ ፈቃድ የለም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራም ጥበቃ ያለው ሥራ ነው። ቁልፍ መኖሩ ፈቃድ መኖሩን አያሳይም።

ቁልፉ እውነተኛ ቢሆን እንኳ ኦፊስ 2021 አሁን አይገዛም። የቮልዩሙ ቅጂ፣ ኤልቲኤስሲ 2021 (አንዴ የሚገዛ፣ በየዓመቱ የማይታደስ ኦፊስ)፣ ድጋፉ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ያልቃል፤ በእኛ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ማለት ነው። ኤልቲኤስሲ 2024 እስከ ኦክቶበር 2029 ይሄዳል። ኦፊስ 2016 እና 2019 ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ላይ ከዊንዶውስ 10 ጋር በአንድ ቀን ተዘግተዋል።

ስለ ድሮው ኦፕን ላይሰንስ የሚያወራ አቅራቢ ካጋጠማችሁ ዕውቀቱ አርጅቷል። ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በዚያ ፕሮግራም አዲስ ግዢ የለም። ትንንሽ ገዢ አሁን የሚገዛው ሲኤስፒ በሚባለው የአጋር ሻጭ መስመር ነው። ያኔ ለመጀመር ቢያንስ 5 ላይሰንስ ይጠየቅ ነበር፤ አሁን የኦፊስ ኤልቲኤስሲ አንድ ፍሬም ይሸጣል። ስለዚህ የትምህርት ቤቱንና የሒሳብ ቢሮውን ቁጥር መደመር የሚከፍተው የዋጋ ደረጃ የለም። ደግሞም አይፈቀድም፦ የትምህርት ዋጋ ለትምህርት ተቋም ብቻ ነው። የሒሳብ ቢሮው ባለቤቱ አንድ ስለሆነ ትምህርት ቤት አይሆንም።

ላብ38

አመሰግናለሁ፣ ሁሉንም ዞሬ አየኋቸው። 7060ዎቹ 14ቱም ኦኢኤም ዲኤም ናቸው። ከ7040ዎቹ 15ቱ ኦኢኤም ዲኤም፣ 9ኙ ኬኤምኤስ ክላየንት። ቢሮ ውስጥ 6 ኦኢኤም (ሁለቱ ሆም ኤዲሽን)፣ 3 ኬኤምኤስ ክላየንት። እነዚህን 12 ምን ላድርጋቸው? 7040ዎቹስ ወደ ዊንዶውስ 11 አይሄዱም አይደል?

ሰርቨር_ክፍል

12ቱ ላይ ዊንዶውስ ለመግዛት አትቸኩሉ። አንድ ሰው ፎርማት ሲያደርግ ክራክ የሆነ ኢሜጅ (የተዘጋጀ ሙሉ የዲስክ ቅጂ) ጭኖባቸው እንጂ የባዮስ ቁልፉ ሥር ሊኖር ይችላል። ከማይክሮሶፍት ገጽ የወረደ ንጹሕ የዊንዶውስ ፍላሽ አዘጋጅታችሁ አንዱን ፎርማት አድርጉ። ቁልፍ ሳይጠይቅና ኤዲሽን ምረጡ ሳይል ካለፈ ቁልፉን ባዮስ ውስጥ አግኝቷል፤ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቭ ይሆናል። ክራክ የነበረውን ማሽን ቁልፍ ቀይሮ መተው ግን አይበቃም። የክራክ መሣሪያዎቹ ዲፌንደር (የዊንዶውስ ጸረ ቫይረስ) ውስጥ «ይህን ፎልደር አትፈትሽ» የሚል ትእዛዝና በየጊዜው የሚነሳ ተግባር ትተው ይሄዳሉ። ፎርማት።

ቁልፍ ያልተገኘበት ማሽን ካለ ለእሱ ሙሉ የሪቴይል ዊንዶውስ ፕሮ ነው የሚገዛው፤ ቮልዩም አይሆንም። ሁለቱን ሆም ኤዲሽኖች ዶሜይን (ማሽኖችን ከአንድ ሰርቨር የሚያስተዳድር ኔትወርክ) ውስጥ ካላስገባችኋቸው ባሉበት ተዉአቸው፤ ኦፊስ ሆም ላይም ይሠራል።

7040 በይፋ ወደ ዊንዶውስ 11 አይሄድም፣ ስምንተኛ ትውልድና ቲፒኤም 2.0 (የደኅንነት ቺፕ) ይጠይቃል። አልፎ የሚጭን ዘዴ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል፤ ላብ ላይ 24 ጊዜ አትድገሙት፣ ቀጣዩ ትልቅ ዝማኔ ላይ ቢቆም የሚጠየቅ የለም። ለትምህርት ተቋማት የዊንዶውስ 10 ተጨማሪ የደኅንነት ዝማኔ በማሽን የመጀመሪያው ዓመት 1 ዶላር፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 4 ነው፤ ከዚያ በኋላ የለም። ዘግይቶ የሚገባ ያለፈውንም ዓመት ይከፍላል። ለንግድ ድርጅት የመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ነው፣ በየዓመቱም እጥፍ ይሆናል። የሒሳብ ቢሮው በዚያ ዋጋ ከሚያስታምም ማሽን ቢቀይር ይሻለዋል።

ላቡን በአንድ ኢሜጅ ለማንሳት ካሰባችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፦ የኦኢኤም ፈቃድ በራሱ ይህን አይፈቅድም። ነገር ግን ድርጅቱ አንድ የቮልዩም ዊንዶውስ ፕሮ ካለው፣ ያንኑ ዓይነትና ቨርሽን የኦኢኤም ፈቃድ ያላቸውን ማሽኖች በሙሉ በቮልዩሙ ሚዲያ ማንሳት ይችላል። ለ38 ማሽን 38 መግዛት የለባችሁም፤ አንድ።

ፀሐይ_አይቲ

ሌሎቹ ዊንዶውሱን ጨርሰውታል፤ እኔ ስለ ኦፊስ ልናገር። ቁጥሩን «ስንት ኮምፒውተር አለን» ብላችሁ አትጀምሩ። አንድ ወንበር ላይ በቀን ስንት ሰው እንደሚቀመጥ እዩ። የእናንተ ላብ በሁለት ፈረቃ አንድ ማሽን ላይ ምናልባት አሥር ተማሪ ያፈራርቃል። መምህሩ ጋ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ አንድ ሰው ላፕቶፕና ስልክ ይዟል። ለመጀመሪያው በማሽን የሚቆጠር ፈቃድ፣ ለሁለተኛው በሰው የሚቆጠር ያዋጣል። ሁለቱን በአንድ ዓይነት ላይሰንስ ልሸፍን ያለ አንዱ ጋ መክሰሩ አይቀርም።

ለላብ ኦፊስ ኤልቲኤስሲ 2024 በማሽን ነው፤ ማንም ይቀመጥበት፣ ተማሪው አካውንት አያስፈልገውም፣ አንዴ አክቲቭ ከሆነ ኢንተርኔት አይለምንም። ስታንዳርዱ ዎርድ፣ ኤክሴል፣ ፓወርፖይንት፣ አውትሉክና ዋንኖት አለው። አክሰስ የምታስተምሩ ከሆነ ብቻ ፕሮ ፕላስ ውሰዱ። ፐብሊሸር 2024 ውስጥ የለም፤ ራሱም ኦክቶበር 2026 ይዘጋል። ሰርተፊኬትና የተማሪ መታወቂያ በፐብሊሸር የምትሠሩ ከሆነ ከአሁኑ ወደ ዎርድ ወይም ፓወርፖይንት አዙሩ፣ ሰኔ ላይ እንዳትጨነቁ።

ለመምህራን ከመክፈላችሁ በፊት ኦፊስ 365 ኤ1ን ጠይቁ። ዕውቅና ላለው ትምህርት ቤት ነፃ ነው። ዎርድና ኤክሴል በብራውዘር፣ ቲምስ፣ ኢሜይል አለው። ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ፕሮግራም ግን የለውም። «ኤ1 ፕላስ ላውጣላችሁ፣ ዳውንሎድ ይደረጋል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እሱ ከኦገስት 2024 ጀምሮ ተዘግቷል። የሚጫነውን የግድ የሚፈልጉ መምህራን ካሉ ለእነሱ ብቻ ኤ3 ይገዛል፤ በሰው ነው፣ አንዱ ሰው እስከ አምስት ኮምፒውተር ይጭንበታል።

ኤ1ንም ሆነ የጉጉልን ነፃ የትምህርት ቅጂ፣ ፈንዳሜንታልስን፣ ለማግኘት የሚጠየቀው ተመሳሳይ ነው፦ የራሳችሁ ዶሜይን (የኢዲዩ ኢቲ ቢሆን ማጣራቱ ይቀላል)፣ የትምህርት ፈቃድ ወይም የዕውቅና ወረቀት፣ ተቋሙ መኖሩን የሚያሳይ ዌብሳይት። ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው ስሙ ላይ ነው። ፈቃዱ ላይ «አካዳሚ»፣ ዌብሳይቱ ላይ «ትምህርት ቤት»፣ ዶሜይኑ ምዝገባ ላይ የባለቤቱ የግል ስም ከሆነ ይመልሱታል። ሦስቱ ቦታ በላቲን ፊደል በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ይጻፍ። በሁለቱም መስመር ለተቋሙ የሚሰጠው የጋራ ማስቀመጫ 100 ቴራባይት ነው፤ ለእናንተ ከበቂ በላይ ነው።

ኢንተርኔታችሁ የማይታመን ከሆነ ላቡ ላይ ማይክሮሶፍት 365ን አታስቡ። በ30 ቀን ቢያንስ አንዴ ኢንተርኔት ላይ ራሱን ካላረጋገጠ ማንበብና ማተም ብቻ ይፈቅዳል፣ መጻፍ ይከለክላል። ለጋራ ማሽን ደግሞ ሼርድ ኮምፒውተር አክቲቬሽን የሚባለው ቅንብር ያስፈልጋል፤ እሱ በኤ3 እና (ከ365 የንግድ ጥቅሎች) በቢዝነስ ፕሪሚየም ውስጥ አለ፣ በቢዝነስ ስታንዳርድ ውስጥ የለም። ይህን ሳያዩ ገዝተው ተማሪ በገባ ቁጥር «የመሣሪያ ገደብ አልፏል» የሚላቸው ብዙ ናቸው።

ክፍት_ምንጭ

24ቱ 7040 ላይ ለምን ኦፊስ ይገዛል? የኦፊስ ምትክ የሆነው ሊብሬኦፊስ ነፃ ነው፣ የማሽን ቁጥር አይቆጥርም፣ አክቲቬሽን የለውም። ኡቡንቱ ኤልቲኤስ (በዊንዶውስ ምትክ የሚጫን ሊኑክስ) ከጫናችሁ የዊንዶውስ 10 ጣጣም አብሮ ይቀራል፤ አንድ ቅጂ 5 ዓመት ዝማኔ ያገኛል። ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላለ ተማሪ ይበቃል።

የሚያስቸግሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። ሊብሬኦፊስ በራሱ ፎርማት ነው የሚያስቀምጠው፤ ቱልስ፣ ኦፕሽንስ፣ ሎድ/ሴቭ፣ ጀነራል ውስጥ ገብታችሁ በዎርድ ፎርማት እንዲያስቀምጥ ካላደረጋችሁ መምህሩ ቤቱ ወስዶ ሲከፍት ያማርራል። ሁለተኛው ፊደል ነው። ኒያላ የዊንዶውስ ፎንት ስለሆነ ሊኑክስ ላይ የለም፤ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ጫኑ፣ የገጽ አሰፋፈሩ በጥቂቱ ይንሸራተታል። በድሮ ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ የፈተና ፋይሎች ካሏችሁ ደግሞ ፎንቱ ዩኒኮድ ስላልሆነ የላቲን ምልክት ድብልቅልቅ ሆነው ይታያሉ። ይህ የሊኑክስ ጥፋት አይደለም፤ ፎንቱ ያልተጫነበት ዊንዶውስም እንዲሁ ነው።

ፀሐይ_አይቲ

@ክፍት_ምንጭ ለታችኛው ክፍል እስማማለሁ። ነገር ግን መምህሩ በኤክሴል እያስተማረ ላቡን ግማሽ ሊኑክስ፣ ግማሽ ዊንዶውስ ማድረግ አይሄድም፤ 38 ተማሪ አንድ ክፍለ ጊዜ ላይ ሲገባ ሁለት ዓይነት ሜኑ ማስረዳት ነው የሚሆነው። 24ቱን ወደ አንድ ክፍል፣ 14ቱን ወደ ሌላ መለየት ከተቻለ ግን ያንተ ሐሳብ ጥሩ ቁጠባ ነው። ያኔ ኤልቲኤስሲ የሚገዛው ለ14ቱና ለቢሮው 9 ብቻ ይሆናል፣ 23።

ቁልፍ_ጠባቂ

23 ከሆነ የአክቲቬሽኑ ምርጫም ይለወጣል፤ ቀድማችሁ አስቡበት።

ኬኤምኤስ ማለት በግቢያችሁ ውስጥ ያለ አንድ ማሽን ለሌሎቹ አክቲቬሽን ሲሰጥ ነው። ለዊንዶውስ 25፣ ለኦፊስ 5 ማሽን ሲጠይቁት ነው መስጠት የሚጀምረው። የሰጠው አክቲቬሽን 180 ቀን ይቆያል፤ ማሽኖቹ በየ7 ቀኑ ራሳቸው ያድሱታል። ፖርቱ 1688 ነው፣ ፋየርዎል ላይ ክፈቱት። ኤምኤኬ ግን እያንዳንዱ ማሽን አንድ ጊዜ በኢንተርኔት ወይም በስልክ ከማይክሮሶፍት ጋር ይገናኛል፣ ከዚያ ያበቃል። ችግሩ ፎርማት ባደረጋችሁ ቁጥር ከቁልፉ አንድ አክቲቬሽን ይቀነሳል፣ አይመለስም። ላቡን በየሴሚስተሩ የምትጠርጉ ከሆነ ኤምኤኬ በሁለት ዓመት ያልቃል። ስለዚህ ለላብ ኬኤምኤስ፣ ለቢሮ ኤምኤኬ። የምትገዙበት መስመር የትኛውን ቁልፍ እንደሚሰጥ ግን ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ አስመልሱ።

ኬኤምኤስ ላይ የሚደጋገም ብልሽት አለ። ሰው አንድ ማሽን አዘጋጅቶ ዲስኩን ክሎን እያደረገ 38ቱ ላይ ያወርዳል። ከዚያ የዊንዶውስ አክቲቬሽን መጨረሻው ኤፍ038 የሆነ ስህተት እያወጣ እምቢ ይላል፦ «ቁጥሩ አልበቃም»። 38 ማሽን በርቶ እንዴት አይበቃም? ክሎኖቹ ሁሉ አንድ የመታወቂያ ቁጥር ስለያዙ ሰርቨሩ እንደ አንድ ማሽን ነው የሚቆጥራቸው። ዋናውን ማሽን ክሎን ከማድረግ በፊት ሲስፕሬፕ በሚባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ጀነራላይዝ ማድረግ (የራሱን መታወቂያ ማጥፋት) ነው መድኃኒቱ። ክሎኑ ቀድሞ ከተደረገ በየማሽኑ ላይ በዚያው በአምስቱ ፊደላት ትእዛዝ ስላሽ ሪአርም ብላችሁ ሪስታርት አድርጉ። ስህተቱ ኤፍ074 ከሆነ ግን ቁጥር አይደለም፤ ማሽኑ ሰርቨሩን አላገኘውም፣ ዲኤንኤሱን፣ ፋየርዎሉንና ሰዓቱን እዩ።

ክረምቱንም አስቡ። ሰርቨሩ ለ30 ቀን ያላየውን ማሽን ከቁጥሩ ያወጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላቡ ተዘግቶ ሲከርም ቁጥሩ ይወርዳል። የነበሩት ማሽኖች 180 ቀን ስላላቸው ምንም አይሆኑም፤ ነሐሴ ላይ አዲስ የተጫነ ማሽን ግን ሌሎቹ ካልበሩ አክቲቭ አይሆንም። አዲስ ጭነት ካለ መስከረም ላብ ሲከፈት አድርጉት፣ ወይም በዚያ ቀን ሌሎቹንም አብሩ።

ሰነድ_ይዤ

ስለ ሒሳብ ቢሮው ማንም በቅጡ አልነካም። 7 ኮምፒውተር ላለው ቢሮ ምርጫው ሁለት ነው፦ በማሽን አንዴ የሚገዛ (ኤልቲኤስሲ 2024 ወይም ሪቴይሉ ሆም ኤንድ ቢዝነስ 2024)፣ ወይም በሰው የሚታደስ ማይክሮሶፍት 365 ቢዝነስ። ኢሜይል በራሳቸው ዶሜይንና የደንበኛ ፋይል መጠባበቂያ ከፈለጉ ሁለተኛው፤ ኤክሴል ብቻ ከሆነ የመጀመሪያው። ከውጭ ያለ ዘመድ «365 ፋሚሊ ለስድስት ሰው ልላክላችሁ» ካለ አመስግኖ መመለስ ነው፤ ለቤት እንጂ ለንግድ ሥራ አይፈቀድም።

365 የምትገዙ ከሆነ ውሉን አንብቡት። የዓመት ውል ከገባችሁ የመሰረዣ ጊዜው 7 ቀን ነው። በስምንተኛው ቀን «ሁለት ሰው ለቋል፣ ቀንሱልን» ብትሉ እስከ ውሉ ማብቂያ ትከፍላላችሁ። መጨመር ሁልጊዜ ይቻላል፣ ስለዚህ አሳንሳችሁ ጀምሩ። ወር በወር የሚባለው ውል ከዓመቱ 20 በመቶ ይወደዳል። የዓመት ውል ገብቶ በየወሩ መክፈል ደግሞ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ 5 በመቶ ይጨምራል። ዋጋው በዶላር ስለሆነ በብር የተሰጠ ፕሮፎርማ እስከ መቼ እንደሚጸና ቀን ይጻፍበት። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ነው የሚወሰነው፤ ኮሚቴው ሁለት ወር ካዘገየው ያ ዋጋ የለም። ቫት 15 በመቶ መካተት አለመካተቱም በግልጽ ይጻፍ።

ፒችትሪ (የሒሳብ አያያዝ ሶፍትዌር) የሚጠቀሙ ከሆነ ለብቻው ነው የሚቆጠረው። የኔትወርክ ተጠቃሚ ቁጥሩ ከፈቃዱ በላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ፈቃዱ ለሦስት ከሆነ፣ አራተኛው ሰው ሲገባ ያስወጣል፣ ይህን ዊንዶውስም ኦፊስም አይፈታውም። ዊንዶውስ ላይ ብቻ ስለሚሠራም እነዚያ ማሽኖች ላይ ሊኑክስ አይነሳ።

ሰርቨሩ ጋ፦ ዊንዶውስ ሰርቨር ስታንዳርድ ቢያንስ 16 ኮር ሆኖ ነው የሚሸጠው፣ ከዚያ ላይ ካል (ሰርቨሩን ለመጠቀም የሚከፈል ፈቃድ) አለ። ሰርቨሩን የሚነካ ሁሉ ወይ በሰው ወይ በማሽን ካል ይኑረው። ሁለት ፈረቃ ተማሪ ላለው ላብ በማሽን ነው፤ በሰው ብትቆጥሩት መቶዎች ይሆናል። ፋይል ለማስቀመጥ ብቻ ከሆነ ግን ናስ (ኔትወርክ ላይ የሚሰካ የፋይል ማስቀመጫ) ወይም ሊኑክስ ላይ ሳምባ (ፋይል የሚያጋራ ነፃ ፕሮግራም) ይበቃል፣ ካልም አይጠይቅም። ብዙ ትምህርት ቤት ሰርቨሩን ገዝቶ ካሉን ይረሳል።

ላብ38

በጣም አመሰግናለሁ። የላብ ክፍሉን ለሁለት መለየት ይቻላል ተብሏል፤ ሰርቨሩን በናስ ተክተነዋል። ፕሮፎርማውን እንዲህ ጽፌዋለሁ፣ አርሙኝ፦

«ኦፊስ ኤልቲኤስሲ ስታንዳርድ 2024፣ የትምህርት ተቋም ዋጋ፣ ብዛት 23፤ ዊንዶውስ 11 ፕሮ ቮልዩም አፕግሬድ፣ ብዛት 1። ቁልፉ በኢሜይል ይላክ። ዋጋው ቫትን ያካተተና ለ30 ቀን የሚጸና ይሁን። ጭነትን ይጨምራል።»

ቁልፍ_ጠባቂ

«ቁልፉ በኢሜይል ይላክ» የሚለውን አውጡት። በምትኩ «ፈቃዶቹ በትምህርት ቤቱ ስም በተከፈተ የማይክሮሶፍት 365 አድሚን ሴንተር አካውንት ውስጥ ይግቡ፣ የግሎባል አድሚን መብት ለትምህርት ቤቱ ይሰጥ» በሉ። ቁልፉም ማውረጃውም እዚያ ይታያል። አካውንቱ በአቅራቢው ወይም በአንድ ቴክኒሺያን የግል ኢሜይል ከተከፈተ ሰውየው ሲለቅ ፈቃዱ አብሮ ይሄዳል። አድሚን ሁለት ሰው ይሁን፤ አንዱ ከአይሲቲ፣ አንዱ ከአስተዳደር። «የአክቲቬሽኑ ዓይነት ኬኤምኤስ ወይስ ኤምኤኬ እንደሆነ ይገለጽ» የሚልም ጨምሩ።

ሰርቨር_ክፍል

«ጭነትን ይጨምራል» የሚለውንም አውጡ፤ ራሳችሁ መጫን ትችላላችሁ። ኤልቲኤስሲ 2024 በዲስክ አይመጣም፣ ኦፊስ ዲፕሎይመንት ቱል በሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው። አብሮት ባለው የኮንፊገሬሽን ፋይል ላይ ቻናሉን ፐርፔችዋል ቪኤል 2024፣ ምርቱን ስታንዳርድ 2024 ቮልዩም፣ ምንጩን ናሱ ላይ ያለ ፎልደር አድርጉ። ሴትአፕን መጀመሪያ በዳውንሎድ ትእዛዝ አንድ ማሽን ላይ አስነሱት፤ ጥቂት ጊጋባይት አንዴ ብቻ ይወርዳል፣ ማታ ተዉት። ከዚያ 23ቱ ላይ ኮንፊገር በሚለው ትእዛዝ ከናሱ ይጫናል፣ ኢንተርኔቱን አይነካም።

ከዚያ በፊት የነበረውን ኦፊስ አራግፉ። አሮጌው 2016 ወይም ሪቴይል 365 ሥር ካለ አዲሱ ወይ አልጫንም ይላል፣ ወይ ተጭኖ የድሮውን ፈቃድ ይዞ «ጊዜው አልፏል» እያለ ይጮኻል። ማሽን ላይ የነበረው ኦፊስ 32 ቢት ከሆነና ሬጅስትራሩ አሮጌ ማክሮ የሚጠቀም ከሆነ 64 ቢቱ ላይ አንድ ማሽን ሞክሩና ነው ሌላው የሚቀጥለው።